ሶዶ ስንደርስ እንበላለን

ባሏ አገልጋይ የሆነ እኅት ይህን ጽሑፍ ገና ሳልጨርሰው ትረዳኛለች። በእኛ ቤት ዓመቱ የሚያልቀው መንገድ ላይ ነው። ኮንፈረንስ አለ፤ ሠርግ አለ፤ ልቅሶ አለ፤ የጥንዶች ሴሚናር አለ። በሄድንበት ሁሉ ደግሞ ገበታ ይጠብቀናል። ቡታጅራ ክትፎ፣ ሐዋሳ ዓሣ፣ ወላይታ ሶዶ ቁርጥ በዳጣ! "ፓስተር መጥቶ እንዴት ሳይበላ ይሄዳል?" ተብሎ በፍቅር የሚዘረጋ ገበታ ነው። እምቢ ቢሉት ያስቀይማል፤ እሺ ቢሉት ቦርጭ ያወጣል። እናንተስ? ለሠርግ ወይም ለዘመድ ጥየቃ አገር ቤት ደርሳችሁ ስትመለሱ ቀበቷችሁን አንድ ቀዳዳ አላላላችሁም?

ባለቤቴ የወላይታ ልጅ ነው። ምግብ ይወዳል፤ የቀረበለትን አመስግኖ ይበላል። ከሃያ ዓመት አገልግሎት በኋላ ግን ሐኪም ፊት ስንቀርብ ሁለተኛው ዓይነት የስኳር በሽታ እንዳለበት ተነገረን። ደም ግፊቱም ከፍ ብሏል። መድኃኒት ተጀመረ፤ ክብደት እንዲቀንስ፣ በየቀኑ እንዲራመድ፣ አመጋገቡን እንዲያስተካክል ተመከረ። እርሱ ዜናውን በእርጋታ ተቀበለ። እርጋታ ያጣሁት እኔ ነኝ። አባቴ በዚሁ በሽታ እግሩን ሲታመም አይቼ ስላደግሁ ፍርሃት ያዘኝ፤ ፍርሃቴንም "ጥበብ" ብዬ ጠራሁት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሚስት መሆኔ ቀርቶ የሳህን ተቆጣጣሪ ሆንኩ። ትንቢተ ዳንኤል ምዕራፍ 1ን ስንት ጊዜ እንዳነበብኩለት አትጠይቁኝ።

በዚህ መካከል ነው የእኅቱ ልጅ ሠርግ ወላይታ ሶዶ የተጠራነው። ወሩ ጥር ነበር። እኛም የአምስት ቀን ጉዞ አቀድን፤ በቡታጅራና በሆሳዕና በኩል ወርደን፣ በቦዲቲ፣ በሀላባና በሻሸመኔ በኩል ልንመለስ። በመንገዱ ላይ ያለውን ምግብ ሁሉ አስቀድሜ በልቤ ከለከልኩ። ለባለቤቴም በአንዲት ዓረፍተ ነገር ነገርኩት፦ "ሶዶ ስንደርስ እንበላለን።"

አጆራ ላይ የሆነው

ከአዲስ አበባ ሶዶ በሆሳዕና በኩል 330 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ ተነሣን። ባለቤቴ መድኃኒቱን ዋጠ፤ በአንዲት ቁራሽ ዳቦና ስኳር በሌለው ሻይ። ጢያ ስንደርስ እ.ኤ.አ. በ1980 በዩኔስኮ የተመዘገቡትን ትክል ድንጋዮች ለማየት መቆም ፈልጎ ነበር፤ "እንዘገያለን" ብዬ አሳለፍኩት። ቡታጅራ ላይ የክትፎ ቤቶቹን ሽታ በመስኮት እያሸተትን አለፍን። አንድ ሰሃን ጎመንና አይብ ከጥቂት ቆጮ ጋር ብንበላ ምን ነበረበት? በክትፎ ቤት ክትፎ ብቻ አይሸጥም እኮ። እኔ ግን ከገባን አንወጣም ብዬ ፈራሁ። ሆሳዕና ላይ ቡና ጠጣን፤ ያለ ስኳር።

ወደ አረካ ስንቃረብ ባለቤቴ አጆራን ካላየሁ አላልፍም አለ። አጆራ አጃንቾና ሶኬ የሚባሉት ሁለት ወንዞች ጎን ለጎን ወደ ገደል የሚወረወሩበት መንታ ፏፏቴ ነው። ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ያለ ስፍራ ስለሆነ ብዙ መንገደኛ ሳያየው ያልፋል። እኔም ደስ አለኝ፤ በእግር መሄድ ስለሆነ! ከላይ ሆነን ተመለከትን፤ ከዚያም ወደ ታች በሚወስደው መንገድ ጥቂት ወርደን ተመለስን። ዳገቱን ስንወጣ ባለቤቴ ወደ ኋላ ቀረ። ላብ አጠመቀው። "ደህና ነህ?" ስለው "ተይኝ!" ብሎ ጮኸብኝ። በሃያ ዓመት ትዳራችን እንደዚያ ጮኾብኝ አያውቅም። በረሃብ የተናደደብኝ መሰለኝ፤ እኔም ተቀየምኩና ቀድሜው ሄድኩ።

ዞር ስል ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። እጁ ይንቀጠቀጣል። ስሙን ስጠራው የሚመልስልኝ ቃል ተያይዞ አይወጣም። ያን ጊዜ ነው የገባኝ። በቦርሳዬ የነበረውን የስኳር መለኪያ አውጥቼ ጣቱን ወጋሁ፤ 52 አለ። ከ70 በታች መውረድ እንደሌለበት ተነግሮናል። በቦርሳዬ ውስጥ ኪያርና ካሮት አለ፤ ጣፋጭ ነገር ግን አንድ እንኳ የለም! እኔው ነኝ ከቤት እንዳይወጣ የከለከልኩት።

አንድ የመንደሩ ጎረምሳ ከሩቅ ያየን ኖሮ ሮጦ መጣ። "ለስላሳ! ስኳር!" ብዬ ስጮኽበት ወደ ሱቅ በረረ። ስንት ደቂቃ እንደፈጀ አላውቅም፤ ለእኔ ግን ዕድሜ ልኬን ነበር። ከጠርሙሱ ግማሹን ቀስ እያለ ጠጣ። ከሩብ ሰዓት በኋላ ስለካው 81 ደርሷል። ቀና ብሎ አየኝና "የት ነን?" አለኝ። አንዲት እናት ሙዝና የተቀቀለ ጎደሬ ሰጡን፤ ገንዘብ ስንሰጣቸው እምቢ አሉ። ባለቤቴ እዚያው መሬት ላይ ተቀምጦ ጎደሬውን ሲበላ እኔ ከመኪናው ጀርባ ሄጄ አለቀስኩ።

ወገኖቼ፣ በቤታችሁ የስኳር ሕመምተኛ ካለ ይህን ልብ በሉ። ባለቤቴ ይወስደው የነበረው ግሊቤንክላማይድ የሚባለው መድኃኒት ነው። ይህ መድኃኒት ሰውነት ኢንሱሊን እንዲያመነጭ ይገፋፋል፤ ሰውየው ቢበላም ባይበላም ሥራውን ይሠራል። ስለዚህ መድኃኒቱን ውጦ ምግብ መዝለል፣ በዚያ ላይ ዳገት መውጣት፣ ስኳርን አደገኛ በሆነ መጠን ያወርዳል። ኢንሱሊን የሚወጉም እንዲሁ ናቸው። ሜትፎርሚን ብቻ የሚወስድ ሰው ይህ ብዙም አይገጥመውም። ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ የልብ ምት መፍጠን፣ ያልተለመደ ቁጣ፣ ግራ መጋባት ምልክቶቹ ናቸው። 15 ግራም ያህል ስኳር፣ ማለትም ግማሽ ጠርሙስ ለስላሳ ወይም ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጦ መስጠት፣ 15 ደቂቃ ቆይቶ መለካት፣ ካልተነሣ መድገም፣ ከተነሣ በኋላ ደግሞ ምግብ ማብላት ነው። ራሱን የሳተ ሰው ግን በአፉ ምንም አይሰጠው፤ ወደ ሐኪም ቤት ይሮጣል። ይህ ሁሉ መድኃኒቱ በተሰጠን ቀን ተነግሮን ነበር። ሰምቼ የያዝኩት ግን "ክብደት ይቀንስ" የሚለውን ብቻ ነው። ይኸው ጥንቃቄ ጾም ጸሎት ለሚይዙ ሕመምተኞችም ነው፤ ከመጾማቸው በፊት ሐኪማቸውን ያማክሩ።

ሶዶ

አጆራ ካስተማረኝ የገባኝ ግማሹ ብቻ ነበር። ባሌን ማስራብ እንደሌለብኝ ገባኝ፤ ሳህኑ ግን አሁንም የእኔ ነው ብዬ አስብ ነበር።

ወላይታ ሶዶ ወደ 3 ሺህ ሜትር ከሚጠጋው ከዳሞታ ተራራ ግርጌ የተዘረጋች ከተማ ናት። ከ2023 እ.ኤ.አ. ወዲህ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል መቀመጫ ሆናለች። ስለ ሶዶ ሥጋ ያልሰማ ሰው ያለ አይመስለኝም። የወላይታ ገበሬ በሬ ማድለብ ያውቅበታል፤ እቤት አስሮ፣ የስኳር ድንቹን ሐረግ፣ የእንሰቱን ቅጠል፣ የበቆሎውን አገዳ እየመገበ ያሰባዋል። ሥጋው ሲቆረጥ ከጎኑ ዳጣ ይቀርባል። ዳጣን ለማታውቁ፦ እሸት ቃሪያና በርበሬ ከነጭ ሽንኩርት፣ ከዝንጅብልና ከቅመማ ቅጠሎች ጋር ተፈጭቶ የሚዘጋጅ ነው። ዓይን ያስለቅሳል፤ አፍ ግን "ጨምሩ" ይላል።

ስለ ጥሬ ሥጋ አንድ ነገር ብዬ ልለፍ። እንደሚወደድ አውቃለሁ። ነገር ግን ኮሶ የሚይዘን ከጥሬና በደንብ ካልበሰለ የበሬ ሥጋ ነው፤ ጥሬ ሥጋ ሌላም በሽታ ሊያመጣ ይችላል። ዳጣው ጀርሙን ይገድለዋል የሚለው ወሬ እውነት አይደለም። እኛ ቤት ከዚህ በኋላ ጥብስ ነው፤ ዳጣው ከጥብስ ጋርም ያው ነው፣ ምንም አይጎድልበትም። ለነፍሰ ጡር እኅቶች ደግሞ ጥሬ ሥጋ ፈጽሞ አይመከርም።

ወደ ሠርጉ ልመለስ። ከእራት ሰዎቹ መካከል ሽማግሌዎችና የቤተ ክርስቲያን መሪዎች ነበሩ። ባለቤቴ በክብር ተቀምጧል። አስተናጋጆቹ ሥጋ ያመጡለታል፤ አክስቱ ያጎርሱታል፤ ሌላዋ አክስት "በሞቴ!" ይሉታል። እኔ ከማዶ ሆኜ እቆጥራለሁ። ሦስተኛው ሲጨመርለት አልቻልኩም፤ ተነሥቼ ሄድኩና ሳህኑን ከፊቱ አነሣሁ። ሁሉም ቀና ብለው አዩኝ። "ስኳር አለበት፤ እንዲበላ አልተፈቀደለትም" አልኩ፤ ጮክ ብዬ።

ባለቤቴ ፈገግ ብሎ ዝም አለ። ዝምታውን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። ማታ ማረፊያችን ስንገባ በሩን ዘጋና እንዲህ አለኝ፦ "ስለ ሕመሜ ለእናቴ እንኳ ገና አልነገርኳትም። ዛሬ መቶ ሰው ሰማ። ማን እንዲናገር ነው የፈቀድኩልሽ?"

መልስ አልነበረኝም። "ለጤናህ ብዬ ነው" የሚለው ቃል ምላሴ ላይ መጥቶ ነበር፤ ግን እውነቱ ያ ብቻ አልነበረም። አጆራ ላይ ያሳፈረኝን ነገር ልሸፍን፣ "እጠነቀቅለታለሁ" ብዬ ለራሴ ላስመሰክር ፈልጌ ነበር። ዳንኤልን ስጠቅስ የዘነጋሁትም አለ። በመጽሐፍ ቅዱስ ኮሌጅ ያንን ምዕራፍ ተምሬ ፈተና ተፈትኜበታለሁ፤ ዳንኤል ግን የተሾመበትን ሰው በትሕትና ለመነ፣ የለመነውም ለራሱና አብረውት ለቆረጡት ነው። ከማንም ፊት ሳህን አላነሣም። ጌታም ሰባዎቹን ሲልክ በገቡበት ቤት የቀረበላቸውን እንዲበሉ ነግሯቸዋል (ሉቃስ 10)። እንግዳ መሆን ራሱን የቻለ አገልግሎት ነው፤ እኔ ያንን አገልግሎቱን በሰው ፊት ቀማሁት። ይቅርታ ጠየቅሁት። ወዲያው አልተመለሰልኝም፤ እውነቱን ለመናገር እስከ ማግስቱ ከሰዓት በኋላ ብዙም አላናገረኝም።

አማቴ ጓዳ

በአራተኛው ቀን ቦዲቲ አጠገብ ያሉት አማቴ ቤት ሄድን። ወሬው ቀድሞን ደርሷል፤ የገጠር ወሬ እንደሆነ መኪና አይቀድመውም። እማማ ልጃቸውን አቅፈው ሳሙት፤ ስለ ሕመሙ አንድም ቃል አልተናገሩም። እኔን ግን "ነይ ልጄ" ብለው ጓዳ አስገቡኝ።

እንደምቆጣ ልጅ አንገቴን ደፍቼ ተቀመጥኩ። እርሳቸው ግን ቆጮ እየከተፉ ይጠይቁኝ ጀመር። ሐኪሙ ምን አለ? ቅቤ ነው የከለከለው ወይስ ሥጋ? ጎመንስ? ቦሎቄስ? እኔም የማውቀውን ነገርኳቸው። ሰሙኝና ሳቁ። "እናንተ እንግዶች እኮ" አሉኝ፣ "በመጣችሁ ቁጥር የምታገኙት የጊፋታ ምግብ ነው። እኛ ያንን በዓመት አንዴ ነው የምንበላው።"

እስኪ ይህችን ነገር ከእኔ ጋር አስቡባት። ጊፋታ በመስከረም የሚከበር የወላይታ ዘመን መለወጫ ነው። ለዚያ ቀን ወንዶቹ ለሰንጋ፣ ሴቶቹ ለቅቤ ዓመቱን ሙሉ ይቆጥባሉ። ሙቹዋው፣ ሥጋው፣ በቅቤ የሚንሳፈፈው ሁሉ ያን ጊዜ ይወጣል። ከዚያ በኋላ ግን ሰዉ ወደ ጎመኑ፣ ወደ ጎደሬው፣ ወደ ቦሎቄው ይመለሳል። እኛ በኮንፈረንስ የምንዞር ሰዎችስ? የሄድንበት ሁሉ ለእኛ ጊፋታ ያደርግልናል። ዛሬ ሶዶ፣ በሚቀጥለው ሳምንት ሆሳዕና፣ ከዚያ አርባ ምንጭ። ዓመቱን ሙሉ በዓል እየበላን፣ ከበዓል ወደ በዓል በመኪና ተቀምጠን እንሄዳለን። ከዚያ "የአገር ቤት ምግብ ያወፍራል" እንላለን። የአገር ቤቱ ሰው ግን አልወፈረም!

ስለዚህ እማማን "እናንተ በዘወትር ቀን የምትበሉትን አብሉን" ብዬ ለመንኳቸው። መጀመሪያ አፈሩ። ለልጃቸውና ለፓስተር ሚስት ጎመንና ጎደሬ እንዴት ይቀርባል? ኋላ ግን እሺ አሉ፤ ያን ቀን የበላሁትን እስከ ዛሬ አልረሳውም።

የመጣው ፎሰሴ ነበር፤ ጎመን ከበቆሎ ዱቄት ጋር አብሮ የሚበስል። ከጎኑ የቦሎቄና የበቆሎ ንፍሮ፣ በልጣጩ የተቀቀለ ጎደሬ፣ አንድ ቁራጭ ቆጮ፣ አይብ፣ ዳጣ። ቅቤው በትንሽ ስኒ ለብቻው ቀርቦ ነበር፤ የፈለገ በማንኪያ ጫፍ ይቀባል። አስቡት፣ የዚህ ስኒ ነገር ብቻውን ትልቅ ለውጥ ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ የተነጠረ ቅቤ ከ100 ካሎሪ በላይ አለው፤ ወጥ ላይ ሲፈስ ስንት ማንኪያ እንደሆነ ማን ያውቃል?

ቆጮን በተመለከተ የተማርኩትን ላካፍላችሁ። እንሰት ለምግብ እስኪደርስ ዓመታት የሚፈጅ፣ በድርቅ ጊዜ የደቡቡን ሕዝብ ያኖረ ተክል ነው። ቆጮና ቡላ ግን በአብዛኛው ስታርች ናቸው፤ ፕሮቲናቸው እጅግ ጥቂት ነው። ብቻቸውን ሲበሉ ወይም በቅቤ ብቻ ሲታሹ የስኳር ሕመምተኛን አይጠቅሙም። የጥንት እናቶች ቆጮን ከጎመን፣ ከአይብና ከጥራጥሬ ጋር ያቀረቡት በአጋጣሚ አይመስለኝም። ጎደሬና ስኳር ድንችም እንዲሁ አይከለከሉም፤ መጠን ግን አላቸው። ጎደሬ፣ ስኳር ድንች፣ ቆጮና እንጀራ በአንድ ሳህን ከቀረቡላችሁ አራቱም አንድ ወገን ናቸው፤ አንዱን ምረጡ፣ ቢበዛ ከሁለቱ ቅመሱ። ባለቤቴ የሚጠቀምበት ቀላል መለኪያ አለው፤ የሳህኑ ግማሽ ጎመንና አትክልት፣ ሩቡ ሥጋ ወይም ቦሎቄ ወይም አይብ፣ ሩቡ ደግሞ ቆጮ ወይም ጎደሬ። ጎደሬ በደንብ ካልበሰለ ጉሮሮ ያሳክካል፤ አትቸኩሉ። ዳጣና በርበሬ አያወፍሩም፤ ጨው ግን ሊበዛባቸው ይችላል፤ የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ በቀን ከ5 ግራም በታች፣ ማለትም ከአንዲት የሻይ ማንኪያ ያነሰ ጨው ነው የሚመክረው። ደም ግፊት ያለባችሁ ይህን ዕወቁ።

በእራት ሰዓት ባለቤቴ ራሱ ለእናቱ ሕመሙን ነገራቸው። እኔ አልተናገርኩም፤ እጄን ከጠረጴዛው ሥር አድርጌ ዝም አልኩ። እማማ ሁሉን ሰምተው "አባትህ ሶዶ ገበያ በእግሩ ሄዶ በእግሩ ይመለስ ነበር" ብቻ አሉት።

በእግር

ይህ ንግግራቸው ሌላ ነገር አስታወሰኝ። የወላይታን የወንጌል ታሪክ የምታውቁ ታውቃላችሁ፤ የሱዳን ኢንቲሪየር ሚሽን መልእክተኞች እ.ኤ.አ. በ1928 ወላይታ ገቡ፤ በ1937 በጣሊያን ወረራ ምክንያት ሲወጡ ትተዋቸው የሄዱት አማኞች ከሃምሳ አይበልጡም ነበር። ከጦርነቱ በኋላ ሲመለሱ በሺዎች የሚቆጠሩ አማኞች ጠበቋቸው። ከዚያም የወላይታ ወንጌላውያን ወደ ጋሞ፣ ወደ ጎፋና ከዚያም ወዲያ ተራራ እየወጡ ቆላ እየወረዱ በእግራቸው ሄዱ። እኛ የእነርሱ ልጆች ከአዳራሽ እስከ ምግብ ቤት 300 ሜትር ባጃጅ እንይዛለን። ራሴን ጨምሬ ነው የምናገረው።

የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ የሰውነት እንቅስቃሴ ይመክራል። በቀን ወደ 20 ደቂቃ ገደማ ፈጠን ያለ እርምጃ ማለት ነው። በጉዞ ላይ ይህን ማግኘት ከከተማ ይልቅ ይቀላል። ሶዶ ሳለን ከቁርስ በኋላ ወደ ዳሞታ በሚወስደው ዳገት ለአርባ ደቂቃ እየወጣን እንወርድ ነበር፤ ከሠርጉ ማግስት እንኳ፣ ሳንነጋገር። እናንተም በዚያ በኩል ስትሄዱ ጢያ ላይ ቆማችሁ ትክል ድንጋዮቹን ዙሩ፤ አጆራን በእግር እዩ፤ በየሁለት ሰዓቱ ከመኪና ወርዳችሁ አሥር ደቂቃ ተራመዱ። በተለይ የሚነዳው ሰው። ከብዶ የበላ ሹፌር እንቅልፍ ይመጣበታል፤ በእኛ መንገድ ላይ ከብቱ፣ ጋሪው፣ ባጃጁ፣ የትምህርት ቤት ልጁ አብሮን ይሄዳል። ምሳ ቀለል ይበል፤ ዋናው ምግብ ለማደሪያ ይቆይ። ለስላሳውን ደግሞ ለአጆራ ዓይነት ቀን አስቀምጡት፤ በአንድ 300 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ ውስጥ ከ7 የሻይ ማንኪያ የማያንስ ስኳር አለ። ለጥማት ውኃ ይበቃል።

አሁን እኛ ለጉዞ ስንነሣ ባለቤቴ ራሱ ስልክ ደውሎ ለጋባዦቹ ይነግራቸዋል። "ስኳር አለብኝ፤ ጎመንና ቦሎቄ ካለ ደስ ይለኛል፤ ቅቤውን ለብቻው አድርጉልኝ" ይላል። እስከ ዛሬ የተቀየመ ሰው አላጋጠመንም፤ እንዲያውም ብዙ ቤት "እኔም እኮ አለብኝ" የሚል ሰው ይወጣል። ሥጋ ሲቀርብ ይቀምሳል፤ የአክስቱን ጉርሻ ይጎርሳል። በቦርሳችን ቆሎ፣ ሙዝና የስኳር መለኪያ አለ፤ አራት ከረሜላም በወረቀት ተጠቅልሎ አለ። ከረሜላውን የምይዘው እኔ ነኝ።

ከቦዲቲ ስንመለስ እማማ አንድ ጠርሙስ ዳጣና በኮባ ቅጠል የተጠቀለለ ጎደሬ መኪናችን ውስጥ አኖሩልን። ሀላባ ላይ በርበሬ ገዛን፤ ጎደሬውን ሻሸመኔ ሳንደርስ ጨረስነው። ባቱ ስንደርስ ሰዓቱ 9 ሆኖ ነበር። ሐይቁ ዳር ካለ ምግብ ቤት ገብተን አሳላፊው መጣ። ዓሣ ጥብስ፣ የዓሣ ሾርባ፣ ኮተሌት፣ ሩዝ፣ ድንች ጥብስ እያለ ዘረዘረ። እንደ ልማዴ አፌን ልከፍት ስል ባለቤቴ አየኝ። ዝም አልኩ። የዓሣ ሾርባና ሰላጣ፣ አንድ ዳቦ አዘዘ፤ ከዚያ ለአሳላፊው ወደ እኔ እያመለከተ "ለእርሷ ድንች ጥብስ" አለው። እውነት ነው፤ ድንች ጥብሱን የምወደው እኔ ነኝ። ከእኔ ሳህን ሁለት አንሥቶ ቀመሰ።